ስማቸው የተጻፈና ስማቸው ያልተጻፈ፦ የላስታ ሴቶች በታሪክ ጥናት ሚዛን

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በተጻፈው ብቻ ሳይሆን ሳይጻፍ በቀረውም ጭምር ይመዘናል። በዜና መዋዕል፣ በገድልና በመሬት መዝገብ ስሙ የሰፈረለት ሰው ለተከታዩ ትውልድ ሲናገር ይኖራል፤ ስሙ ያልሰፈረለት ግን የእጁ ሥራ በዓይን እየታየ ባለቤቱ ሳይታወቅ ይቀራል። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከሁለተኛው ወገን በብዛት የሚገኙት ሴቶች ናቸው። ንግሥታትና ወይዛዝርት በየዘመኑ ብቅ ይላሉ፤ በዙሪያቸው የነበሩት እልፍ አእላፍ ሴቶች ግን በብራናው ላይ ጥላቸውን እንኳ አልጣሉም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣው የትምህርት ዘርፍ «የሴቶች ጥናት» ይባላል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይህ ትምህርት የሚሰጠው በንዑስ ዘርፍነት ነው፤ ይኸውም ተማሪው ታሪክን፣ ሕግን ወይም ሥነ ጽሑፍን ዋና ትምህርቱ («ሜጀር») አድርጎ ይይዝና የሴቶችን ጥናት በጎን («ማይነር») ይከታተላል። «በጎን የሚያዝ ትምህርት ምን ይፈይዳል?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪውም፣ ከወላጁም፣ አንዳንድ ጊዜም ከመምህሩ ይሰማል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በሐሳብ ደረጃ ከመከራከር ይልቅ አንድ የታወቀ የታሪክ ማሳ ወስዶ መመርመር ይሻላል። ላስታ፣ በተለይም የቀድሞዋ ሮሃ የዛሬዋ ላሊበላ፣ ለዚህ የተመቸች ናት። በአንድ በኩል ስለ ሴቶች የሚናገሩ ጥንታዊ ምንጮች አሏት፤ በሌላ በኩል ደግሞ የእነዚሁ ምንጮች ዝምታ በግልጽ ይታይባታል።

ጥናቱ እንዴት ተጀመረ

የሴቶች ጥናት ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሆኖ መደራጀት የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በሳን ዲዬጎ ስቴት ኮሌጅ የተቋቋመው ፕሮግራም እንደ ፈር ቀዳጅ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ትምህርቱ ወደ ሌሎች አህጉራት ተስፋፍቷል።

በኢትዮጵያ የተጓዘበት መንገድ ግን የተለየ ነበር። የኢትዮጵያ ሴቶች የጥናት ርእስ ከመሆናቸው በፊት በቅድሚያ ተማሪዎች መሆን ነበረባቸው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1923 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ብርሃን ከከተማ ወጥቶ በገጠር የምትኖረውን እናት ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ የገጠር ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ይዘው ስማቸውን በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ ያደረገ ክንዋኔ ነበር። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በልማት ጥናት ተቋም ሥር፣ ስለ ሴቶችና ልማት የሚያጠና፣ የሚያሠለጥንና መረጃ የሚያሰባስብ ማዕከል ተቋቋመ። በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በሥርዓተ ፆታ ጥናት የማስተርስ ዲግሪ ትምህርት መስጠት ጀመረ።

የታሪክ ምሁራንም በበኩላቸው ማሳውን ማለስለስ ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተሙት የሥርግው ሀብለ ሥላሴና የታደሰ ታምራት መጻሕፍት የመካከለኛውን ዘመን ኢትዮጵያ ታሪክ በጽኑ መሠረት ላይ አኖሩት። እ.ኤ.አ. በ1981 ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን ሴቶች ስለ ነበራቸው የመሬት ሀብት ጥናት አወጣ። በ1986 የክሪስ ፕራውቲ የእቴጌ ጣይቱ ታሪክ፣ በ1992 ደግሞ ሔለን ፓንክረስት በመንዝ ሴቶች ኑሮ ላይ ያደረገችው ጥናት ታተሙ። እነዚህ ሥራዎች አንድ የጋራ ትምህርት ይሰጣሉ፤ እርሱም ምንጩ አሮጌ ቢሆንም ጥያቄው አዲስ በሆነ ጊዜ አዲስ መልስ ይገኛል የሚል ነው። ይህን አሠራር ወደ ላስታ ይዞ መውጣት ነው እንግዲህ የሚቀጥለው ተግባር።

በታሪኩ በር ላይ የቆሙ ሁለት ሴቶች

የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ታሪክ ሲከፈት በበሩ ላይ ሁለት ሴቶች ይታያሉ። አንደኛዋ በትውፊት ዮዲት፣ እሳቶ ወይም ጉዲት እየተባለች የምትጠራው ናት። አክሱምን ያቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያፈረሰች፣ የነገሥታትን ዘር ያጠፋች ሆና ትነገራለች። በ18ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በላስታ አጠገብ የሚገኘውን የቡግናን ገዥ ያገባች ሴት እንደ ነበረች ጽፏል።

በዘመኑ ወይም ለዘመኑ ቅርብ የሆኑት የውጭ ምንጮች ግን የሚናገሩት ጠበብ ያለ ነገር ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን የነበረው የዐረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል በሐበሻ ምድር ላይ ለብዙ ዓመታት የገዛች ሴት እንዳለች ይገልጻል። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክም ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ በኖባው ንጉሥ በጊዮርጊስ አማካይነት የላከው የአቤቱታ ደብዳቤ ተጠቅሷል፤ በዚያም አገሩን ስለ ወረረች ንግሥት ይነገራል። ስሟ ግን አልተጻፈም።

ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ይታያል። አንዱ ምንጭ ለብዙ ዓመታት ስለ ገዛች ሴት ሲናገር፣ ትውፊቱ የያዘው የጥፋቷን ወሬ ብቻ ነው። ያን ያህል ጊዜ የገዛ ሰው ግብር መሰብሰብ፣ ሹም መሾም፣ ጦር መመገብና ዳኝነት ማየት የግድ ይሆንበታል። ስለዚህኛው የሥልጣኗ ገጽ ግን የተነገረ ነገር የለም። ጦረኛ ወንድ ንጉሥ አገር ሲያቃጥል «አስገበረ» ተብሎ ሲጻፍለት፣ ሴቲቱ «ጉዲት» ተብላ መቅረቷ ከሥራዋ ክብደት ብቻ የመጣ አለመሆኑን የሴቶች ጥናት ያስገነዝባል። ይህ ማለት ግን ያደረሰችው ጥፋት ይካድ ማለት አይደለም። የአቤቱታው ደብዳቤ የተጻፈው በእርግጥ መከራ ስለ ነበረ ነው።

ሁለተኛዋ መሶበ ወርቅ ናት። በትውፊት የመጨረሻው የአክሱም ንጉሥ የድል ነዓድ ልጅ ስትሆን፣ የላስታው መራ ተክለ ሃይማኖት እርሷን አግብቶ የዛጉዌን መንግሥት መሠረተ ይባላል። የዚህች ሴት ስም ሳይረሳ የቆየው የዘውድ መብት በእርሷ በኩል ስለ ተላለፈ ነው። ድልድይ ሆና ታገለግላለች፤ በድልድዩ ላይ ሌሎች ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዛጉዌዎች ዘውድ የቀሙ ተብለው በተወነጀሉ ጊዜም የመሶበ ወርቅ ትውልድ ለክርክሩ መልስ ሆኖ ቀረበ። ሴቲቱ ራሷ የተናገረችው ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተላለፈችም። አንደኛዋ በጥፋት፣ ሁለተኛዋ በውርስ ምክንያት ወደ መዝገብ ገብተዋል፤ ከሁለቱም ወገን የሰውነት ታሪካቸው ጠፍቷል።

በገድለ ላሊበላ ውስጥ

ገድለ ላሊበላ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው፤ ፈረንሳዊው ዡል ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1892 ከፊሉን አሳትሞታል። በዚህ ገድል ውስጥ ሴቶች ሦስት ስፍራዎችን ይዘው ይገኛሉ። በመጀመሪያ እናቱ አለች። ሕፃኑን የንብ መንጋ ሲከበው አይታ፣ ንቦቹ የልጁን ንጉሥነት አወቁ ስትል ላሊበላ የሚለውን ስም ያወጣችለት እርሷ ናት። ቀጥሎ መርዝ ያጠጣችው እኅቱ ትመጣለች። በመርዙ ምክንያት ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው በተኛ ጊዜ ወደ ሰማይ ተነጥቆ በኋላ የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት አየ ይላል ገድሉ። ሦስተኛዋ ሚስቱ መስቀል ክብራ ናት።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር አለ። የንጉሡን ስም የሰጠች ሴት ናት፤ ለራእዩ ምክንያት የሆነችውም፣ በክፋት ቢሆን እንኳ፣ ሴት ናት። በታላቁ የገድል ተረክ ውስጥ ሴቶቹ በየመዞሪያው ቆመዋል፤ ነገር ግን እናቲቱ ከትንቢቷ በኋላ፣ እኅቲቱም ከመርዟ በኋላ ወዲያው ከመድረኩ ይወርዳሉ። ገድል የሚጻፈው ቅዱሱን ለማክበር በመሆኑ ይህ አያስደንቅም። የታሪክ ተማሪ ግን ገድሉን ሲያነብ «ይህ ሰው በገድሉ ውስጥ የገባው ለምን አገልግሎት ነው?» ብሎ መጠየቅን ከተለማመደ፣ ያው ጥያቄ ለዜና መዋዕልም፣ ለሹመት ደብዳቤም፣ ለዘመናዊ ሪፖርትም ያገለግለዋል።

መስቀል ክብራ በአራት ምስክሮች ፊት

ከላስታ ሴቶች ሁሉ ብዙ ምስክር ያላት ንግሥት መስቀል ክብራ ናት። ቤተ ክርስቲያን በቅድስና ታስባታለች፤ ገድልም ተጽፎላታል። ስለ እርሷ የሚናገሩትን ምንጮች በአራት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምስክር የመሬት ሰነድ ነው። በሺመዛና በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ገዳም የወርቅ ወንጌል ላይ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን የተላለፉ የመሬት ስጦታ ጽሑፎች ተመዝግበው ይገኛሉ፤ በእነዚህም ውስጥ የንግሥቲቱ ስም ሰፍሯል። ይህ ዐይነቱ ምስክር ስለ ጠባይዋም ሆነ ስለ ጽድቋ አይናገርም። መሬት በሚሰጥበት፣ መብት በሚጸናበትና እርግማን በሚጻፍበት ቦታ የንግሥት ስም መገኘቱ ግን በመንግሥቱ ሥራ ውስጥ የታወቀ ድርሻ እንደ ነበራት ያመለክታል።

ሁለተኛው ምስክር ከግብጽ የመጣ ነው። በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ እንደተመዘገበው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የኢትዮጵያ ጳጳስ የነበረው አቡነ ሚካኤል ወደ ግብጽ ተመልሶ ከሰሰ። ክሱ ንግሥቲቱ ወንድሟን ሒሩንን ኤጲስ ቆጶስ እንዲያደርገው አግባብታው ከሾመው በኋላ ሹሙ ሥልጣኑን ቀማው የሚል ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ጳጳሱ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ተገኘ፤ የወርቅ በትር ጠፋ በሚል ምክንያት የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ጠባቂ እስኪሞት ድረስ እንዳስገረፈው ተነገረ። በምትኩም ሌላ ጳጳስ ተላከ። እንግዲህ መስቀል ክብራን «ለወንድሟ ሹመት የምታደላ» አድርጎ የሚያቀርባት ቃል የተነገረው ከቦታው በሸሸና ራሱን መከላከል በነበረበት ሰው አንደበት ነው። ቃሉ ሐሰት ነው ለማለት ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን የተናጋሪው ጉዳይ ሳይመዘን ብቻውን እንደ ታሪክ ሊወሰድ አይገባውም።

ሦስተኛው ምስክር የአፍ ትውፊት ነው። ንግሥቲቱ ባሏን ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ እንዲለቅ መከረችው ይባላል። ከዐሥራ ስምንት ወር በኋላ ግን የአዲሱ ንጉሥ ጭፍሮች የአንድ ድኃ ገበሬ ብቸኛ ላም ለንጉሡ ማዕድ ነድተው ወሰዱ። መስቀል ክብራም ይህን ሰምታ ላሊበላ ዙፋኑን መልሶ እንዲይዝ አደረገች። ታደሰ ታምራት ይህ ትውፊት በሰላም ያልተፈጸመ የሥልጣን ሽግግርን ሳይሸፍን እንዳልቀረ ጠርጥሯል። የታሪክ ሊቁ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ትውፊቱ የተፈጠረ ቢሆን እንኳ አንድ እውነት ተሸክሟል። የላስታ ሕዝብ የድኃው ላም ስትነጠቅ «ይህ መንግሥት አይደለም» የሚል ፍርድ ለመስጠት በፈለገ ጊዜ፣ ያን ፍርድ ያኖረው በንግሥቲቱ አፍ ነው። ለገበሬ ቤት አንዲት ላም ምን ማለት እንደሆነች ታውቃለች ተብሎ የታመነባት እርሷ ነበረች። ላሟን የምታልበው፣ ወተቱን የምትንጠው፣ ኩበቱን ጠፍጥፋ የምታነደው የቤቱ ሴት ናትና ምርጫው ያለ ምክንያት አይመስልም።

አራተኛው ምስክር ድንጋይ ነው። ቤተ አባ ሊባኖስ ጎኖቹ ከዐለቱ ተለይተው፣ ጣሪያው ግን ከላዩ ካለው ዐለት ሳይነጠል የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። መስቀል ክብራ ለባሏ መታሰቢያ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው ይነገራል። ይህም ከትውፊት ወገን ነው። ሆኖም ሁለቱ ምንጮች የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ፤ በሮሃ ያለው ቤተ ክርስቲያንና ንግሥቲቱ በመሬት ሰነዱ የተጠቀሰችበት የሺመዛናው ገዳም የአንድ ቅዱስ፣ የአባ ሊባኖስ፣ መታሰቢያዎች ናቸው። ይህ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ወይም ንግሥቲቱና ቤተ ዘመዷ ለዚህ ቅዱስ የተለየ ፍቅር ነበራቸው ማለት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ክፍት ነው፤ ነገር ግን «ንግሥቲቱ ምን አደረገች?» ብሎ ያልተነሣ ሰው ሁለቱን ምንጮች ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ምክንያት አይኖረውም ነበር። በንዑስ ዘርፍነት የሚያዝ ትምህርት ለዋናው የሚጨምርለት ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል።

ወፍጮና መጅ

ከንግሥቲቱ ወረድ ሲባል ብራናው ጸጥ ይላል። በዘመናችን የተደረጉ የአርኪዎሎጂ ጥናቶች፣ በተለይ የዴቪድ ፊሊፕሰንና እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤታቸውን ያወጡት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሥራ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጊዜ ያልተፈለፈሉና ብዙ የሥራ ደረጃዎችን ያለፉ መሆናቸውን አስረድቷል። ይህ ግኝት ለሴቶች ታሪክም ትርጉም አለው። ሥራው ብዙ ጊዜ የወሰደ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሠራተኛውን የመገበ፣ ያጠጣና ያለበሰ ሕዝብ ነበረ ማለት ነው።

ዱቄት በሌለበት ዐለት የሚፈለፍል ክንድ አይኖርም። በደጋው ላስታ ገብሱን መውቀጥና መፍጨት፣ ውኃውን ከምንጭ በእንስራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ ማገዶ መልቀም፣ ጠላ መጥመቅ፣ ጥጥ መፍተል እስከ ቅርብ ዘመን የሴት ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ካህኑ ለማኅሌት የሚለብሰው ነጭ ሸማ በሸማኔው እጅ ከመግባቱ በፊት በሴት እንዝርት ላይ አልፏል። ወንዱ ድንጋይን በመሮ ሲፈለፍል፣ ሴቲቱ በወፍጮና በመጅ መካከል እህልን ታደቅቅ ነበር። አንደኛው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ ሌላው ድንጋይ ሲያልቅ ተጥሎ ሌላ ተተካ።

ያው ድካም በበዓልም አይቋረጥም። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት በሚከበርበት ዕለት፣ ከሩቅ በእግሩ የሚመጣውን ምእመን የላሊበላ ሰው እግሩን አጥቦ፣ አብልቶና አሳድሮ መሸኘት የቆየ ልማዱ ነው። በዓሉን የሚተርኩ ጽሑፎች የካህናቱን ዝማሬና የሸማውን ንጣት ይገልጻሉ። እንግዳው የሚበላው እንጀራ በስንት ሌሊት እንደ ተጋገረ የሚገልጽ ግን ብዙ አይገኝም።

የአልቃሾችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በአማራው አገር በልቅሶ ቤት የሟቹን ትውልድ፣ ጀግንነትና የኑሮ ታሪክ በግጥም የምትደረድረው ሴት ናት። ሙሾ የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ በየትኛው ጦርነት እንደ ወደቀ፣ በየትኛው ረሀብ እንደ ተሰደደ ይይዛል። ይህ መዝገብ በቃል ብቻ የሚኖር በመሆኑ አንዲት አረጋዊት አልቃሽ ስታርፍ አንድ የታሪክ ክፍል አብሯት ይቀበራል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመቱት ድርቆች ምን እንዳደረሱ በመንግሥትና በእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ይነበባል። ለልጆቿ የመጨረሻውን እህል እንዴት እንዳካፈለች፣ ማንን ይዛ ማንን ትታ እንደ ተሰደደች የምትናገረው ግን እናቲቱ ብቻ ናት።

ከወርቅ ወንጌል እስከ መሬት ደብተር

የመሬት ነገር ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያስራል። በአማራው የርስት ሥርዓት መሬት በአባትም በእናትም ዘር ይወረስ ስለ ነበር ሴት ልጅ የርስት መብት ነበራት። ይሁን እንጂ መብትና ይዞታ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሴቲቱ ወደ ባሏ አገር ስትሄድ ድርሻዋ አብዛኛውን ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቆያል፤ መሬቱን በሬ ጠምዶ የሚያርሰውም ወንድ በመሆኑ የመሬቱ ባለቤት እርሱ ብቻ ሆኖ ይታያል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትንና የጉልትን ሥርዓት አስወግዶ መሬትን ለአራሹ ሲያደርግ፣ በአፈጻጸሙ የተመዘገበው በአብዛኛው የቤተሰቡ አባወራ ስም ነበር።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተካሄደው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ግን አንድ ለውጥ አመጣ። ለባለትዳሮች በሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲሰፍር፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። በላስታ ተራሮች ላይ የምትኖር ገበሬ ሴት ስሟ በመሬት ሰነድ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። በወርቅ ወንጌል ላይ የሰፈረው የንግሥት ስምና በደብተር ላይ የሰፈረው የገበሬ ሚስት ስም በመካከላቸው ስምንት መቶ ዓመት ያህል አለ። የመጀመሪያው የአንዲት ንግሥት ክብር ምስክር ሲሆን፣ ሁለተኛው የብዙ ሺህ ሴቶች የመብት ማስረጃ ነው። ደብተሩ ብቻውን የሴቲቱን ድካም አያቀልም፤ በፍቺና በውርስ ጊዜም ስሟ በጽሑፍ መገኘቱ ለክርክሩ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይሆንም። ቢሆንም ስም ያልሰፈረበት ክርክር ከመነሻው የተሸነፈ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የሴቶች ጥናት በንዑስ ዘርፍነት ሲያዝ ዋናውን የታሪክ ትምህርት አይሻማም፤ የምንጩን ተናጋሪ መመርመርን፣ የዝምታውን ምክንያት መጠየቅን፣ ተለያይተው የቆዩ ማስረጃዎችን ማገናኘትን ያስተምራል። በደሴና በወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል፤ ከላስታ መንደሮች የወጡ ወጣቶችም በደጃቸው መማር ችለዋል። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል አንዱ ወይም አንዷ በእረፍት ወራት ወደ ቀዬው ሲመለስ የአያትን ሙሾ ቢቀዳ፣ የእናትን የመሬት ደብተር ታሪክ ቢጠይቅ፣ የገዳሙን ሰነድ በአክብሮት ቢያነብ፣ ለአገሪቱ ታሪክ የሚያበረክተው ድርሻ ከፍ ያለ ይሆናል። አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ መቶ ዓመታትን ተቋቁመው ቆመዋል፤ የአረጋውያኑ እናቶች ትዝታ ግን ያን ያህል ጊዜ አይጠብቅም። ስለዚህ መዝገቡን መክፈት የሚገባው ዛሬ ነው።